ለሒሳብ ሥራ የትኛው ይሻላል? ሴሌሮን ኤን4020፣ ኤን100 ወይስ ራስቤሪ ፓይ 5

ሁለቱ ኤኖች የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ናቸው፤ ራስቤሪ ፓይ 5 ደግሞ የአርም ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ነው። ሳይን፣ ኮሳይንና ፓወር (ቁጥርን ወደ ኃይል ማንሳት) ደጋግሞ የሚጠራ ሲሙሌሽን የምታሠሩ ከሆነ ጊጋኸርትዙን ለጊዜው ተዉትና ፕሮሰሰሩ ኤፍኤምኤ እንዳለው እዩ። ኤፍኤምኤ ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፤ የሚያጠጋጋውም አንዴ ብቻ ነው። የሊኑክሱ ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች የሒሳብ ፈንክሽኖችን የሚያገኙበት መሠረታዊ ላይብረሪ) በኢንቴል ማሽን ላይ ሲነሳ ይህን ካገኘ ለብዙዎቹ የሒሳብ ፈንክሽኖች ፈጣኑን ቅጂ ይመርጣል።

ኤን4020 ኤፍኤምኤ የለውም፣ ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ የሚያሰላው ኤቪኤክስም የለውም። ለጽሑፍና ለብሮውዘር ይበቃል፤ ለሒሳብ ግን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ኤን100 ስሙ ታናሽ ወንድሙ ቢያስመስለውም ኤፍኤምኤም ኤቪኤክስ2ም አለው፤ ኮሮቹም አራት ናቸው፣ የዚያኛው ሁለት።

ራስቤሪ ፓይ 5 ላይ ያለው የአርም ኮር ኮርቴክስ ኤ76 ነው። በ64 ቢት አርም ኤፍኤምኤ ከመሠረቱ ስላለ ላይብረሪው የሚመርጠው ነገር የለም። 32 ቢቱን የራስቤሪ ፓይ ሲስተም ከጫናችሁ ግን ጥቅሙን ታጣላችሁ፤ እሱ ለመጀመሪያዎቹ ቦርዶች እንዲሆን ለድሮው የአርም ዓይነት ለኤአርኤምቪ6 የተዘጋጀ ነው።

ገዢዎች የሚዘነጉት የሲስተሙን ዕድሜ ነው። በድሮው ጂሊብሲ የፓወር መልስ ኮምፒውተሩ ሊይዛቸው በሚችል ሁለት ጎረቤት ቁጥሮች መካከል እኩሌታው ላይ ሊያርፍ ሲቃረብ፣ ላይብረሪው የትኛው ትክክል እንደሆነ ለመወሰን ስሌቱን እስከ 768 ቢት በሚደርስ ትክክለኛነት እንደገና ይጀምረዋል። ያ አንድ ጥሪ ከሌሎቹ በሺህ እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ በቁጥሩ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው፤ ፕሮግራሙ በአንዱ ዳታ ይበርራል፣ በሌላው ይንፏቀቃል፣ ሰውም ፕሮሰሰሩን ይራገማል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የወጣው ጂሊብሲ 2.28 ይህን ዘገምተኛ መንገድ አስቀረ። ከሊኑክስ ሲስተሞች ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያለው ጂሊብሲ 2.17፣ ኡቡንቱ 18.04 ላይ ያለው 2.27 ነው፤ ኡቡንቱ ለጥቂት አመለጠው። ዴቢያን 10 እና ኡቡንቱ 20.04 ከችግሩ ነፃ ናቸው። ስለዚህ ሰርቨር ስትከራዩም አስቀድማችሁ የሲስተሙን ቨርዥን ጠይቁ።

ሴንሰር ለማገናኘት ከሆነ ፓዩን ውሰዱ። ለንጹሕ ስሌት እኔ ኤን100ን እመርጣለሁ፤ እንደ ኤቪኤክስ ብዙ ቁጥሮችን በአንዴ የሚያሰላው የፓዩ ኒዮን ባለ 128 ቢት ሲሆን ኤቪኤክስ2 ባለ 256 ቢት ነው። ኤፍኤምኤ ባለውና በሌለው ማሽን ላይ ግን የመጨረሻዋ ቢት ልትለያይ ትችላለች፤ ውጤታችሁ ቢት በቢት መመሳሰል ካለበት ሁሉንም ማሽን አንድ ዓይነት ግዙ።