በገና ሰሞን ፊቴን ለማን ሰጠሁ? የአዲስ አበባ የቆዳ እንክብካቤ አገልግሎቶች

ስለ አዲስ አበባ የውበት ቤቶች የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዋጋና ስለ መስተንግዶ ነው። በሁለቱም ቅሬታ የለኝም። እኔ ነጥብ የሰጠሁት በሌላ ነገር ነው፤ ፊቴን ከመንካታቸው በፊት ምን ጠየቁኝ?

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የመጣሁት ለገናና በጥር ለተደገሰ የዘመድ ሠርግ ነው። ቡጉር የተወብኝን ጥቁረት ለማቅለል በሳምንት ሁለት ማታ ላክቲክ አሲድ እቀባለሁ፤ በሌሎቹ ማታዎች ደግሞ ሬቲኖል፣ ማለትም ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ቅባት። ሁለቱን በአንድ ማታ ደርቦ መቀባት ቆዳን ያስቆጣል። እንደ ላክቲክ ያሉ አሲዶች የላይኛውን የሞተ ቆዳ አያይዞ የሚያቆየውን ትስስር ያላላሉ፤ ቆዳው ይታደሳል፣ ግን ለፀሐይ ይጋለጣል። በጥር ዋሽንግተን አካባቢ ፀሐይዋ ለስሟ ናት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ ናት። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ማንም አያስተውለውም እንጂ እኩለ ቀን ላይ ያለው ጨረር ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ የሄድኩት ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ የውበት ሳሎን ነው። ቤቱ ያምራል፣ ፎጣው ንጹሕ ነው፣ ቡናው በሰዓቱ ይመጣል፣ ልጆቹም ትሁት ናቸው። ለሠርግ እንደመጣሁ ስናገር ወዲያው «ፒሊንግ»፣ የላይኛውን ቆዳ በጠንካራ አሲድ መላጥ ማለት ነው፣ ቀረበልኝ። ጠርሙሱ ቡናማና ትንሽ ነው፤ ከትልቅ ዕቃ የተቀዳ ይመስላል፣ ጽሑፍ የለበትም። ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ጠየቅሁ። «ጠንካራው ነው እህቴ፣ ቶሎ ያፈካል» አለችኝ።

ይህ መልስ አይደለም። አሜሪካ የመዋቢያ ግብዓቶችን የሚገመግሙት ባለሙያዎች እንደ ግላይኮሊክና ላክቲክ ላሉ አሲዶች ያስቀመጡት ልክ ግልጽ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚቀባው እስከ 10 በመቶ፣ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበረታል) ከ3.5 ያላነሰ፤ በሠለጠነ ሰው ሳሎን ውስጥ ለሚደረገው እስከ 30 በመቶ፣ ፒኤቹ ከ3 ያላነሰ፣ ለአጭር ጊዜ ቆይቶ በደንብ የሚታጠብ። የፒኤቹ ነገር የሚረሳ ነው፤ ያው 10 በመቶ ይበልጥ አሲዳማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ሲሆን የበለጠ ይበላል። ሬቲኖል እጠቀም እንደሆነ፣ በዚያ ሳምንት ቅንድቤን በክር ተነቅሼ እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። ተራውን የፊት ጽዳት አሠርቼ ወጣሁ፤ እሱን በሚገባ ሠርተውልኛል። ለጽዳት ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ለፒሊንግ አልሄድም።

በማግስቱ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የደረሰ ሰው ምሳውን እዚያው ሊያስብ ይገባል፣ ወንበሩም ለረጅም መቀመጥ የተሠራ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ «የሚያቀላ ቅባት ተቀብተው ያውቃሉ?» የሚል ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃት አስረዳችኝ። በየሱቁ የሚሸጡ ቅልቅል ቅባቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ ይገኛል። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ቡጉር ያወጣል። በሳሳ ቆዳ ላይ አሲድ ሲጨመር ይቃጠላል፤ የእኛ ዓይነት ቆዳ ደግሞ በተቃጠለ ቁጥር ይጠቁራል። ጥቁረት ላጥፋ ብሎ ሄዶ የባሰ ጥቁረት ይዞ መመለስ ማለት ነው። ማድያት ያለበት ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል።

ከዚያ ፒሊንግ እንደማትሠራልኝ ነገረችኝ። ገንዘቡን ይዤ ቀርቤያለሁ፤ እሷ ግን በሠርግና በጥምቀት ፀሐይ ስር ለሚውል ፊት አይሆንም አለች። እምቢ ያለችኝ ባለሙያ ይህች ብቻ ናት፤ ከፍተኛውን ነጥብም የሰጠሁት ለእሷ ነው። ላክቲኩንም እስክመለስ እንዳቆመው፣ ቡጉሩ ካስቸገረኝ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ቡጉሩ ላይ ብቻ ማታ እንድነካ መከረችኝ። ሳሊሲሊክ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ቆዳቸው ቶሎ ለሚቆጣ ደግሞ ማንደሊክ የሚባለው አሲድ ከግላይኮሊክ የተሻለ ነው፤ ሞለኪውሉ ትልቅ በመሆኑ ቀስ ብሎ ይሰርጋል።

ፒያሳ አካባቢ የገባሁበት ፋርማሲ ፈጣን ነበር። ባለሙያው የፀሐይ መከላከያውን ከመስጠቱ በፊት የሚያበቃበትን ቀን ራሱ አሳየኝ፤ ቀለም ያለውንም መረጠልኝ። ቀለሙ የሚመጣው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማድያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል፣ እንደ ነጩም ፊትን አመድ አያስመስልም። ዋጋው ግን ውድ ነው። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ያለው ከውጭ ይዞ ቢመጣ ይሻላል።

ወይባ ጢስ የገባሁት እናቴ ስለጎተተችኝ ነው። ሴትዮዋ በግቢያቸው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርበው የሚሠሩ ናቸው። ገና ሳልቀመጥ «ልጄ፣ ፊትሽን ምን ምን ቀብተሽዋል?» አሉኝ። ፊቷን በሳሎን አስልጣ የመጣች ሙሽራ ጢሱ ላይ ተቃጥላባቸው ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁ አያስገቡም። ለአካል ግሩም ነው፤ ፊቴን ከጋቢው ውጭ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሽታው ግን ለቀናት ከፀጉር አይወጣም፣ ቀድማችሁ እወቁት።

አሜሪካ የምትኖሩ ፒሊንጉን በበይነ መረብ ገዝታችሁ ለቤተሰብ ይዛችሁ እንዳትመጡ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ያለ ባለሙያ ቁጥጥር የሚሸጡ ቆዳ የሚልጡ ጠንካራ አሲዶችን ሰዎች እንዳይገዙ አስጠንቅቋል፤ ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋሉ። ለጥር ሠርግ ፊታችሁን ማሳመር የምትፈልጉ ሙሽሮች ደግሞ ቆዳ ሐኪም ዘንድ በጥቅምት ወይም በኅዳር ቅረቡ፤ ከገና በኋላ ወረፋው ይብሳል፣ የተላጠ ቆዳም ለማገገም ጊዜ ይፈልጋል።