ለፖሊስ ወገብ የሚሆን ቢላዋ፦ ካ-ባር፣ ስትሮንግአርም፣ ሞራ ወይስ የባሌስትራ ካራ?

የእህቴ ልጅ ፖሊስ ሆኗል። ከተመረቀ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰሞኑን ቤት መጥቶ ቡና እየጠጣን ስልኩን አወጣና ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። አንዱ ቢላዋ ከሌላው ያስፈራል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ጀርባው መጋዝ፣ አንዱ ጫፉ እንደ ጦር የተቀሰረ። «ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል ይላሉ? አሜሪካ ያለው ጓደኛዬ ሊልክልኝ ነው» አለኝ።

እኔም በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ግማሹን ያሳለፍኩት ጣና ላይ በጀልባ ነው። «በመጀመሪያ ምን ልትቆርጥበት ነው?» አልኩት። ዝም አለ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቢላዋን የሚመርጠው በመልኩ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ሰው ላይ ቢላዋ ያወጣሁበት ቀን የለም። ያወጣሁት የማዳበሪያ ከረጢት አፍ ለመቅደድ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ኮንትሮባንድ ለመፍታት፣ የጭነት መኪና ሸራ ገመድ ለመበጠስ፣ የመኪና ቀበቶ ለመቁረጥ ነው። ጀልባ ላይ ደግሞ መረብ ለመፍታት። እውነቱን ልናገርና ከሁሉም በላይ ያገለገለኝ ሽንኩርት ለመክተፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወዳድራቸው ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆኑ፣ የማይታጠፉ ቢላዋዎች ናቸው። ሰንጢ አላስገባሁም። ሰንጢ ማጠፊያው ውስጥ አሸዋና ጭቃ ከገባ በኋላ አልከፈትም ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከርዝመት ልጀምር፤ በርዝመት የተቀጣሁት እኔ ነኝና።

አንድ ክረምት ከዘጌ ስንመለስ ነው። ውኃው ደፍርሶ ወተት የበዛበት ቡና መስሏል። የጀልባው ሞተር በድንገት ታነቀና ጠፋ። ቀና አድርገን ስናየው ፕሮፔለሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የናይሎን መረብ ተጠምጥሟል። በላዩ ላይ ደግሞ የእምቦጭ ሥር። ያኔ ከአንድ ባልደረባዬ የገዛሁት፣ የካ-ባር ዓይነት ትልቅ የወታደር ቢላዋ ነበረኝ። ኩራቴ ነበር። ከጀልባው ጀርባ ተንጠልጥዬ ልቆርጥ ስል ቢላዋው በፕሮፔለሩ ክንፎች መሃል አልገባ አለ። ጫፉ ብረቱን ይመታል፣ ስለቱ መረቡ ጋ አይደርስም። እጄ እርጥብ ነው። ሦስተኛው ላይ አንሸራተተኝና ጣና ዋጠው። ጀልባ ነጂው ምንም አላለም። ከመቀመጫው ሥር ፕላስቲክ እጀታ ያላት የዓሣ ቢላ አወጣና ደቂቃ ሳይሞላ መረቡን ፈታው። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ማንም ማንንም አላናገረም።

የካ-ባር ስለት ርዝመቱ 17.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች የያዙት፣ ስሙ የገነነ ቢላዋ ነው። ከተደራረበ ቆዳ የተሠራው እጀታው እጅ ውስጥ ሞቅ ይላል፤ ይህን አልክድም። የግሎክ ቢላዋም ረዥም ነው፣ 16.5 ሴንቲ ሜትር። የግሎክን ሽጉጥ የማያውቅ ፖሊስ የለም፤ ኩባንያው ከሽጉጡ በፊት ለኦስትሪያ ጦር ቢላዋ ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። 78 የሚባለው ጀርባው ልሙጥ ነው፣ 81 የሚባለው ጀርባው ላይ መጋዝ አለው። ብረቱ ለስለስ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ብታሰቃየውም አይሰበርም። ስለቱ ግን ቶሎ ይዶለዱማል። ዋጋውም ከካ-ባር ያንሳል። ቁጥቋጦ ለሚመታ፣ ጫካ ለሚያድር ሰው ሁለቱም ይሆናሉ። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል ፖሊስ ግን ወገብ ላይ ያለ ረዥም ቢላዋ ወንበር ይወጋል፣ ጭን ይቆረቁራል፤ በሦስተኛው ቀን ቤት ይቀራል። ቤት የቀረ ቢላዋ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለው ይበቃል። እዚህ መስክ ላይ የሚፎካከሩት ሦስት ናቸው፦ ሞራ፣ ስትሮንግአርምና ኢሲ 4።

ኢሲ 4 (ESEE-4) ስለቱ 11.4 ሴንቲ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይዘልቃል። በር ብትፈለቅቅበት፣ ሳጥን ብትከፍትበት ግድ የለውም። ኩባንያው ከተሰበረ እቀይራለሁ ይላል፤ ባሕር ዳር ላለ ሰው ግን ይህ ቃል ለመንገደኛ እንደተሰጠ የእራት ግብዣ ነው፣ ማን መልሶ ይልከዋል? ገርበር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ስትሮንግአርምም በውፍረት አይተናነስም። ስለቱ 12.2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን እጀታው ጎማ የለበሰና ሸካራ ነው። እርጥብ እጅ ላይ ከሦስቱ ይኸኛውን የሚያህል አላየሁም።

ሞራ ኮምፓኒየን ከእነዚህ ጎን ስታስቀምጡት የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ስዊድን፣ ሞራ ከተማ ነው የሚሠራው። ጀርባው 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ ገብቶ መጨረሻው ሳይደርስ ይቆማል። በአንድ ኢሲ 4 ዋጋ አራት አምስት ሞራ ይገዛል። ግን ገመድ ስጡት። የቁርጥ ቤት ቢላዋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስስ ነው። ወፍራም ቢሆን ሥጋውን ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሞራም እንደዚያው ነው። ሸራ፣ ገመድ፣ ከረጢት ላይ ሳትታገሉ ያልፋል። ኢሲ 4 እዚያው ገመድ ላይ ትንሽ መጋዝ መጋዝ ማለት ይፈልጋል።

ሞራ የማይችለው መፈልቀቅን ነው። ቢላዋ ለመፈልቀቅ አልተሠራም የሚል ሰው አውቃለሁ፤ ልክ ነው። ሌሊት ዝናብ ላይ ቆሞ ዲጂኖ ያጣ ፖሊስ ግን ይህን ሕግ አያስታውስም። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚበዛበት ሰው የዚያው የሞራን ታላቅ ወንድም ጋርበርግን ይይ። ጀርባው 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ ብረቱም እስከ እጀታው ጫፍ ይደርሳል። በእኔ ዓይን ስስነትንና ጥንካሬን አስማምቶ የያዘው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዝገት። ጣና ጨው የለውም፤ እንደ ምፅዋ ወይም ጅቡቲ ብረት አይበላም። ግን ወገባችሁ ላይ ጨው አለ። ላብ ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዩኒፎርሙ ሳይደርቅ ይነጋል። ኢሲ 4ና ካ-ባር የካርቦን ብረት ናቸው። ቀለም ተቀብተዋል፤ ቀለም የሌለበት ስለታቸው ግን ይዝጋል። ሞራ ኮምፓኒየንና ጋርበርግ የካርቦንም ዓይነት ስላላቸው ስትገዙ የማይዝገውን ምረጡ። የማይዝጉት ሁለቱ ሞራዎችና ስትሮንግአርም 13 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ክሮሚየም ስላላቸው ጠራርጎ ማስቀመጥ ይበቃቸዋል። የስትሮንግአርም ብረት ስለቱን ከጋርበርግ ቀድሞ ይጥላል፤ ቶሎ ይሳላል ግን።

አንድ የገበያ ወሬ እዚህ ላይ ላርም። «ማግኔት ከሳበው ስቴይንለስ አይደለም» ይባላል። ለአንዳንድ ማንኪያና ድስት ይሠራ ይሆናል። ለቢላዋ አይሠራም። ስለት የሚይዝ የማይዝግ ብረትም ማግኔት ይስበዋል። በዚህ ወሬ ትክክለኛውን ቢላዋ «ፎርጂድ ነው» ብሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ።

የካርቦን ብረት ያለው ሰው ደግሞ የኑግ ዘይት አይቀባው። ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የስፌት መኪና ዘይት ግዙ። ሲያድርም ከቆዳ አፎቱ አውጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያድራል።

አሁን ወደ አገራችን ሥራ እንምጣ፤ ከውጭ ማስመጣት የሚችለው ሁሉም አይደለምና። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካራ በደንብ ከተሠራ ከእነዚህ ሁሉ አያንስም። ባሌስትራ ጭነት ተሸክሞ በየጉድጓዱ እንዲዘል የተሠራ ብረት ነው፤ በቀላሉ አይሰበርም። ችግሩ ከብረቱ አይደለም፣ ከእሳቱ ነው። አንዱ ቀጥቃጭ አቅልቶ ዘይት ውስጥ ይነክረውና እንደዚያው ይሸጠዋል፤ እንደ ብርጭቆ ደረቅ ይሆናል፣ ሲወድቅ ጫፉ ይረግፋል። ሌላው ጭራሽ አይነክረውም፤ ሽንኩርት ላይ ሳይቀር ይታጠፋል። ጎበዙ ከነከረው በኋላ መልሶ በቀስታ ያሞቀዋል፣ የተወለወለው ብረት የገለባ ቀለም እስኪይዝ ድረስ። ስትገዙ ይህን ጠይቁት። «መልሰህ አሙቀኸዋል?» ስትሉት ዓይኑ ከበራ ሥራውን ያውቃል። ደግሞ ሞረድ ስለቱ ላይ ጎተት አድርጉ፤ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። እነዚህን ሰዎች ስንት ዘመን በስድብ ስም ስንጠራቸው ኖረን በሠሩት ማረሻ ነው ያረስነው።

የባሌስትራ ካራ ሁለት ጉድለት አለው። ይዝጋል፣ እጀታውም ብዙ ጊዜ ልሙጥ እንጨት ነው። እጃችሁን በኦሞ ውኃ ነክራችሁ ጨብጡት። ወደ ስለቱ ከሸሸ ለሥራ አይሆንም፤ ወይ ጣት ማገጃ አስወጡለት። ከውጭ ለሚመጣውም ይኸው ፈተና ይሠራል። ሻጩ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ጥርስ ያለው ስለት ይሻላል ወይስ ልሙጥ? ጥርስ ያለው የደነዘም ቢሆን ገመድና ቀበቶ ይበጥሳል። ግን ማን ይስለዋል? በየሰፈሩ ድንጋይ እያዞሩ የሚስሉት ጥርሱን ልጠው ይመልሱላችኋል። ልሙጡንም ቢሆን ለፈጣን ድንጋይ አትስጡ፤ ብረቱ ሰማያዊ ካለ ተቃጥሏል፣ ከዚያ በኋላ ስለት አይይዝም። ሞራን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ መግፋት ብቻ ነው። ልጅም ይስለዋል።

ስለ ቀበቶ ካነሳን አንድ ሌሊት አልረሳም። በጎንደር መንገድ አንድ ሚኒባስ ተገልብጦ ደረስን። ሹፌሩ በቀበቶው ተንጠልጥሎ «አውጡኝ፣ አውጡኝ» ይላል። ቢላዋዬን አወጣሁ፤ በባትሪ ብርሃን ያየሁት ግን ቀበቶውን ሳይሆን ጫፉን ነበር፣ ከሆዱ አንድ ጣት ርቆ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ስለቱን ወደ ውጭ አዙሬ፣ መዳፌን በጫፉና በሆዱ መሃል አስገብቼ ነው የቆረጥኩት። መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ሌሊት ነው። ሰው ላይ የታሰረ ቀበቶ ለመቁረጥ የትኛውም ቢላዋ አይመችም። ስለቱ በውስጥ የተደበቀ፣ እንደ መንጠቆ ያለ ትንሽ የቀበቶ መቁረጫ አለ። ዋጋው ከሁሉም ያንሳል። ከቢላዋው ጋር አንድ ላይ እንዲላክላችሁ አድርጉ።

አፎቱን ሰው ንቆ ያልፈዋል፤ እኔ ከቢላዋው እኩል አየዋለሁ። ገልብጣችሁ ነቅንቁት፤ ቢላዋው መውደቅ የለበትም። ከሥሩ ውኃ ማውጫ ቀዳዳ ይኑረው። የስትሮንግአርም አፎት ቀበቶ ላይ ቆሞም ተጋድሞም ይታሰራል፤ መኪና ውስጥ ለሚውል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሞራ ኮምፓኒየን ፕላስቲክ አፎት ቀላልና ውኃ የማይጠጣ ነው፣ ግን ሲሮጡ አልፎ አልፎ ይለቃል፤ በላዩ ላይ ጎማ ማሰር ነው። ከሽጉጡ በተቃራኒው ጎን አድርጉት፣ ከኋላ ሰው ሊመዘው በማይችልበት ቦታ። ከመታጠቃችሁ በፊት አለቃችሁን አስፈቅዱ። የሚልክላችሁ ሰውም በእጅ ሻንጣ ይዞት እንዳይመጣ ንገሩት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይቀርበታል።

ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ይህን ነው፦ ሐይቅ ላይ ከተመደብክ ሞራ ኮምፓኒየን፣ ሁለት ግዛ፣ አንዱ ይጠፋል። ከተማና መንገድ ላይ ከሆንክ ስትሮንግአርም። ገንዘብ ካለህ ለሁለቱም ቦታ ጋርበርግ። ውጭ የሚልክልህ ካጣህ፣ መልሶ የሚያሞቅ ቀጥቃጭ ፈልግ። ካ-ባሩን ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ያምራል።

እንደ ዕድል ሆኖ የተመደበው ጀልባ ላይ ነው። ሞራ እንዲገዛ ተስማማ። «ብርቱካናማውን አድርገው፣ ውኃም ሣርም ውስጥ ይታያል» ስለው ግን ፊቱ ተቀየረ። «ጋሼ፣ በብርቱካናማ ቢላዋ ልጆቹ ይስቁብኛል» አለ። ጥቁሩን አዘዘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደውሎ የአንደኛውን መጥፋት ነገረኝ፤ ጎርጎራ አካባቢ ደንገል ውስጥ። በሁለተኛው እጀታ ላይ እናቱ ቀይ የጥጥ ክር አስራለታለች።