ባለ 27 ሚሊሜትሩ የዴድሊፍት ባር ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ይህ ባር ለዴድሊፍት፣ ማለትም ክብደትን ከወለል አንስቶ ቀጥ ብሎ ለመቆም የተሠራ ነው፤ በሳምንት 2 ቀን፣ ለ8 ወር ሙሉ ተሠርቶበታል። ባሩ ዛሬም ቀጥ እንዳለ ነው፤ ዲስክ የሚገባባቸው ጫፎችም ሳይንቋቁ ይሽከረከራሉ። ጥንካሬው አያከራክርም። ለውድድር ቴክኒክ ይጠቅማል ወይ ለሚለው ግን መልሱ የሚወሰነው ውድድሩ በምን ባር እንደሚካሄድ ነው።

ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን ለስኳት (ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ለቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባርን ከደረት መግፋት) እና ለዴድሊፍት የሚጠቀመው ያንኑ አንድ ባር ሲሆን ውፍረቱ ከ28 እስከ 29 ሚሊሜትር ነው። ይህኛው ቀጭን ስለሆነ ጣት በደንብ ይጠቀልለዋል፤ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች ስር ቆልፈው የሚይዙ ሰዎች ልዩነቱን ወዲያው ያውቁታል። የመያዣው ጥርስ፣ ማለትም እጅ እንዳያንሸራትት የተቀረጸው ሸካራ ገጽ፣ ስለታም ነው። ባሩን መሃል መዳፍ ላይ ከያዛችሁት ሲወርድ ቆዳ ይዞ ይወርዳል፤ ከመጀመሪያው ጣቶች ከመዳፍ በሚጋጠሙበት ቦታ ይቀመጥ።

ትልቁ ጉዳይ መጉበጡ ነው። ከ100 ኪሎ በታች እምብዛም አይታወቅም፤ ከ200 ሲያልፍ መሃሉ ቀድሞ ሲነሳና ዲስኮቹ ዘግይተው ሲከተሉት በዓይን ይታያል። ወፍራም የጎማ ዲስክ ሸክሙን ወደ ጫፍ ስለሚያርቀው ጉብጠቱን ይጨምራል። ስለዚህ በጎማ የተነሳውን ኪሎ በቀጭን የብረት ዲስክ ከተነሳው ጋር አታወዳድሩ። ዲስኩ ወለሉን ሲለቅ ጉልበትና ዳሌ ትንሽ ተዘርግተው ስለሚጠብቁት አነሳሱ ይቀላል። ከወለል ላይ ደካማ የሆነ ሰው ድክመቱ የሚሸፈንለትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በድንገት ለሚነጥቁት ግን ምሕረት የለውም። ባሩ ይጎብጣል፣ ዳሌ ብቻውን ሽቅብ ይሄዳል፣ ባሩ ከቅልጥም ይርቃል፣ ጀርባ ይታጠፋል። ክርን ታጥፎ ከተነጠቀማ፣ አንዱን መዳፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙረው ለሚይዙ፣ ወደ ፊት የዞረው ክንድ የፊት ጡንቻ ሊበጠስ ይችላል። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ ባሩ ከእግር መሃል በላይ ይሁን፤ ባሩን ሳታንከባልሉ ቅልጥማችሁን አስጠጉት፤ አየር በሆድ ሞልታችሁ ያዙ፤ ብብታችሁን ጨቁኑ፤ ክንድ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ባሩ እስኪወጠር ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ውጥረቱ ዳሌ ላይ ከተሰማ በኋላ ብቻ ወለሉን በእግር ግፉት። ይህን ልምድ ለማስያዝ ከዚህ ባር የተሻለ አስተማሪ አላየንም፤ ችኮላን ወዲያው ያጋልጣል።

ላይ ሲደርስ ባሩ ይርገበገባል። ጉልበት ሳይቆለፍ፣ ትከሻ ወደ ኋላ ሳይመለስ፣ ወይም ዳኛው ሳያዝ ማውረድ ሙከራውን ያበላሻል፤ ባሩን ጭን ላይ አሳርፎ መግፋትም እንዲሁ። እስኪረጋ በቁማችሁ ጠብቁ።

ውድድራችሁ በወፍራሙ የፌዴሬሽን ባር ከሆነ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን 8 ሳምንታት ወደዚያ ተመለሱ፤ የመጀመሪያ ሙከራችሁንም በዚያው በተነሳ ኪሎ ወስኑ። በቀጭኑ ባር የተገኘ ሪከርድ ለዚህ ስሌት አይሆንም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ያልተለበጠ ብረት ላብ ይበላዋል፤ እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባው ጠመኔ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። ከልምምድ በኋላ ጥርሱን በናይሎን ብሩሽ ጥረጉ፣ በወር አንዴ ስስ ዘይት ቀብታችሁ በጨርቅ አድርቁ፤ የቀረ ዘይት እጅ ያንሸራትታል። ስኳት አትሥሩበት፤ ከመደርደሪያ ብረት ላይ እያነሳችሁም አትጣሉት፣ እስከመጨረሻው ይጎብጣል። ቀጥተኛነቱን ለመፈተሽ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣችሁ በእጅ አዙሩትና ጫፉን ተመልከቱ፦ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ጎብጧል።