«አምፕሊፋየር አትግዛ» ላሉኝ ቴክኒሻን

ጅማ መርካቶ ውስጥ የድምፅ ዕቃ የሚጠግኑ፣ ያገለገለም የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። ስሜን እንዳታወጣ ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ምስጋናውን ግን አልከለከሉኝም።

ኤሌክትሪክ ጊታሬን ቤት ለመቅዳት አምፕሊፋየርና ማይክ ልገዛ ብር ይዤ ሄድኩ። ዋጋ ከመናገራቸው በፊት «የት ነው የምትቀዳው ልጄ?» አሉኝ።

«ኪራይ ቤት፣ ማታ ማታ።»

«ጣሪያው ቆርቆሮ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

ሳቁ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ለምን እንደሳቁ ይገባዋል። ማይኩ ከጊታሩ ይልቅ ዝናቡን ነበር የሚቀዳልኝ። የአከራዬን ጆሮ ደግሞ ተዉት።

«በቀጥታ ቅዳው» አሉኝ፤ ያለ አምፕና ያለ ማይክ፣ ጊታሩን በኬብል ሰክተህ ማለታቸው ነው። ሞክሬው ነበር። ጊታሩን ሚክሰር ላይ ስሰካው ድምፁ ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ጥፋቱን በጊታሩ እያላከክኩ ነው የከረምኩት። ለካ ችግሩ የሰካሁበት ቦታ ነው። የሚክሰር ተራ መግቢያ (ላይን የሚባለው) የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ይሄ ለጊታር ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው ክፍል፣ ከባድ ሸክም ነው፤ መጀመሪያ የሚሞተውም ቀጭኑ ድምፅ ነው። ለጊታር 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ መግቢያ ያስፈልጋል። ጊታርን ከኮምፒውተር በሚያገናኙት ሳውንድ ካርዶች ላይ «ኢንስት» ወይም «ሃይ ዚ» የሚባለው እሱ ነው። ቁልፉን እያበሩ እያጠፉ ትዝታ አስመቱኝ። ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

ያገለገለ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ የሚባል ሳውንድ ካርድ ወሰድኩ። ዲአይ ቦክስ (የጊታርን ድምፅ ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ልጨምር ስል «እሱ ሚክሰር ብቻ ላለው ነው፣ ብርህን አትበትን» ብለው ከለከሉኝ። ሊሸጥ የተቀመጠ ዕቃ እኮ ነው!

ሶፍትዌሩን የጫነልኝ ልጃቸው ነው። ኒውራል አምፕ ሞዴለር ይባላል፣ የአምፕሊፋየርን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ ያስመስላል፣ በነፃ ነው። መጀመሪያ ዲስቶርሽን (የሮክ ጊታርን ሻካራ ድምፅ የሚያመጣውን) ስከፍት እንደ ትንኝ ጮኸብኝ። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ ይቆርጠዋል። እኔ ጋ ስፒከር የለም፣ ስለዚህ የሚቆርጠው የለም። ልጁ አይአር የሚባለውን፣ የስፒከር ሳጥንን (የካቢኔትን) ድምፅ የሚያስመስል ፋይል ከአምፑ ቀጥሎ ሲጨምርበት ትንኟ ሄደች። ያለዚህ ፋይል ዲስቶርሽን ባትሞክሩት ይሻላል።

ቤት ስገባ ደግሞ ዝዝዝ አለ። ደወልኩ። «የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል፣ በባትሪ ቅዳ» አሉኝ። ነቀልኩት፣ ጠፋ።

እንከን አይጠፋምና፣ ጋሼ «ነገ ና» ካሉ ከነገ ወዲያ ማለታቸው ነው። ሱቁም ሁለት ሰው ከገባ ሞላ። የሱቁን አቅጣጫ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ጊታራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳትመቱላቸው ዕቃ አይሸጡላችሁም።