ጌሙ ሳይወጣ አትክፈሉ፤ "በዓለም የመጀመሪያው ግምገማ" የሚላችሁን ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ

ወገን፣ ትልቅ ጌም ሊወጣ ሲቃረብ ሁሌ የሚሆን ነገር አለ። ገና ገበያ ላይ ስላልዋለው ጌም "በዓለም የመጀመሪያው ግምገማ"፣ "እኛ ብቻ ያየነው"፣ "ስቱዲዮው ድረስ ተጋብዘን" የሚሉ ቪዲዮዎችና ጽሁፎች ይጎርፋሉ። ከሥር ደግሞ የቅድመ ግዢ ሊንክ ተቀምጧል። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሊንክ ነው። አትጫኑት። ጌሙ ወጥቶ፣ አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ እናንተ ባላችሁ ዓይነት ማሽን ተጫውቶ እስኪናገር ድረስ አትጫኑት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ መክፈል ድሮ ምክንያት ነበረው። ጌም በዲስክና በካርትሪጅ ሲሸጥ በወጣበት ቀን ከሱቅ ሊያልቅ ይችል ነበር። አሁን ብዙው ሰው ከኢንተርኔት ያወርዳል። ፋይል አያልቅም፣ ሰልፍም የለውም። ታዲያ ምን ያስቸኩላል? የሚቸኩለው ሻጩ ነው። ጌሙ ምን እንደሚመስል ሳይታወቅ የገባ ገንዘብ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ለእናንተ በምላሹ የሚደርሳችሁ ለገጸ ባሕሪው አንድ ኮፍያ፣ ወይም ቀለሙ የተለየ ጠመንጃ ነው። የቀረው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሻጭ ቢቸኩል አይገርምም። የሚያሳዝነው፣ "ቆይ እስቲ" ሊለን የሚገባው ገምጋሚ አብሮት ሲሮጥ ነው።

የሚሮጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። አሳታሚ ድርጅቶች ለመረጧቸው ሰዎች ጌሙን ቀደም ብለው ይልካሉ። ከዚህ ቀንና ሰዓት በፊት ምንም እንዳይወራ ያስማማሉ። ይህ ብቻውን ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ገምጋሚው ተረጋግቶ እንዲጫወት ጊዜ ይሰጠዋል። ነገር ግን ጌሙ ቀድሞ ያልደረሰው ገምጋሚ ሥራውን የሚያወጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ያኔ የሚፈልገው ሰው የለም። ተመልካቹ ሁሉ ቀድመው ወዳወጡት ሄዷል። ስለዚህ ቀድሞ ማግኘት የሥራው ሁሉ መሠረት ይሆናል። ለሚቀጥለውም ጌም መጋበዝ አለበት። "እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን" ብሎ ራሱን በሸጠ ቁጥር፣ የመጀመሪያ የመሆኑን ዕድል በሚሰጠው ድርጅት እጅ ላይ ይወድቃል። እከክልኝ ልከክልህ እንዲህ ይጀምራል። ማንም ለማንም ፖስታ ማቀበል አያስፈልገውም።

እንግዲህ ሳይበርፓንክ 2077ን አስታውሱ። ጌሙ የወጣው ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ነው። ግምገማዎቹ ከሦስት ቀን ቀደም ብለው ነው የተለቀቁት። ውጤታቸውም እጅግ ከፍተኛ ነበር። ግን ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ ለገምጋሚዎች የተላከው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 እና በመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን እንዴት እንደሚሠራ ያየ ገምጋሚ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ጌሙ እስኪወጣ ድረስ ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የቀዱትን ምስል ማሳየት ተከልክለው ነበር። ጌሙን የሠራው ድርጅት ያዘጋጀውን ምስል ብቻ ነው የሚጠቀሙት። በጽሁፍ "ብዙ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) አለው" ያሉ ነበሩ። ዓይናችሁ ፊት የነበረው ግን የሻጩ ቪዲዮ ነው። ድርጅቱ እንደገለጸው ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ቀድሞ ተሸጧል። በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ጌሙ ይቆራረጣል፣ ይዘጋል፣ የሰው ፊት ሳይጫን ይቀራል። በሳምንቱ ገደማ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ከፕሌይስቴሽን ስቶር አነሳው፤ ለጠየቁ ገዢዎችም ገንዘብ መመለስ ጀመረ። ወደ ስቶሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ያ ጌም ዛሬ ተጠግኖ ጥሩ ጌም ሆኗል፤ ብዙ ሰው ይወደዋል። ቢሆንም ቀድሞ የከፈለው ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የተበላሸውን ወሰደ። የታገሠው በቅናሽ የተስተካከለውን አገኘ። ከዚህ የባሰ ውል ምን አለ?

ሳይበርፓንክ ላይ ገምጋሚዎቹ የታሰሩት በሁኔታ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ግን ተከፍሏቸው ነው።

በ2014 መጨረሻ ላይ ዋርነር ብራዘርስ ሻዶው ኦፍ ሞርዶር የተባለውን ጌም ሲያወጣ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት በኩል ዩቲዩበሮችን ቀጠረ። የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ2016 ክሱን ይፋ ሲያደርግ የውሉ ዝርዝር ወጣ። ለአንዳንዱ በመቶዎች፣ ለአንዳንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተከፍሏል። ጌሙንም በነጻና ቀድመው አግኝተዋል። በምላሹ ስለ ጌሙ በጎ ነገር መናገር አለባቸው። ባግ ወይም ብልሽት ማሳየት ክልክል ነው። ተመልካቹ ሊንኩን እንዲጫን በቃላቸው መገፋፋት አለባቸው። የተከፈላቸው መሆኑ የት ተጻፈ? ከቪዲዮው ሥር፣ "ተጨማሪ አሳይ" የሚለውን ካልተጫናችሁ በማይታይ ቦታ። አንዳንዶቹ ጌሙን ቀድመው በነጻ ማግኘታቸውን ብቻ ተናግረው ስለ ክፍያው ዝም ብለዋል። ቪዲዮዎቹ በድምሩ ከ5.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይተዋል። ከዚህ ውስጥ ከ3.7 ሚሊዮን በላዩ የአንድ ሰው ነው፤ የታዋቂው ዩቲዩበር የፒውዲፓይ።

ቀልዱ፣ ሻዶው ኦፍ ሞርዶር ጥሩ ጌም መሆኑ ነው። ያለ ክፍያም ይሞገስ ነበር። ስለዚህ "ጌሙ ጥሩ ከሆነ ምን አገባህ?" ለሚለኝ መልሴ ይኸው ነው፦ ቪዲዮውን ስታዩ ጥሩና መጥፎ የምትለዩበት መንገድ አልነበራችሁም። ጌሙ ቆሻሻ ቢሆንም ያው ቪዲዮ ነበር የሚሠራው። ውሉ ያስገድዳል።

ይህ ብቻውን የተገኘ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ በፊት በ2015 ማሺኒማ የተባለው የቪዲዮ ኔትወርክ ለኤክስቦክስ ዋን ማስታወቂያ ለሁለት ሰዎች 15 ሺህና 30 ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ ቪዲዮዎቹ የግል አስተያየት መስለው መውጣታቸው በዚሁ ኮሚሽን ተገልጿል። ከሁሉ የከፋው ግን የ2017ቱ ነው። ሁለት ታዋቂ ዩቲዩበሮች ካውንተር ስትራይክ በተባለው ጌም የመሣሪያ ቀለሞች ቁማር የሚያጫውት ሲኤስጎ ሎቶ የተባለ ድረ ገጽ ነበራቸው። ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ቪዲዮ ላይ ግን አዲስ ነገር በአጋጣሚ እንዳገኙ ሆነው እየተጫወቱ ሲያሸንፉ ያሳያሉ። ለሌሎች ኢንፍሉዌንሰሮችም ከ2,500 እስከ 55 ሺህ ዶላር ከፍለዋል፤ ስለ ድረ ገጹ ክፉ እንዳይናገሩ በውል አስረው። የሚመለከቷቸው ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ ብል የማጋነን አይመስለኝም።

ወደ ጽሁፉ ዓለም እንምጣ። እዚያ ደግሞ "ባለቤቱ ማነው?" የሚለውን ጥያቄ አንርሳ። ኒንቴንዶ ፓወር የተባለውን መጽሔት ከ1988 ጀምሮ ለ20 ዓመት ገደማ ያሳተመው ኒንቴንዶ ራሱ ነው። ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ ስለተጻፈ ቢያንስ ማንም አልተታለለም፤ እኔ እንዲያውም ከዛሬዎቹ ብዙዎቹ ይልቅ ሐቀኛ ነበር እላለሁ። ጌም ኢንፎርመር ደግሞ ለረጅም ዓመታት የጌምስቶፕ ንብረት ነበር። ጌም የሚሸጠው ሱቅና ጌሙን የሚገመግመው መጽሔት የአንድ ቤት ልጆች ማለት ነው። የመጽሔቱ ደንበኝነትም ከሱቁ የአባልነት ካርድ ጋር ተያይዞ ይሸጥ ነበር። በኦገስት 2024 ተዘጋ፤ በ2025 ሲመለስ ባለቤቱ ጉንዚላ ጌምስ የተባለ ጌም ሠሪ ድርጅት ሆነ። የጌም ግምገማ ድረ ገጹ የአይጂኤን ኩባንያ በ2017 ሀምብል ባንድልን ገዝቷል፤ ሀምብል ባንድል ጌም ይሸጣል። እነዚህ ቤቶች ውስጥ ጥሩ ጸሐፊዎች ሠርተዋል፣ ይሠራሉም። ዋሹ አላልኩም። ግን እበላ ባይ ዳኛ እንዳይሆንባችሁ ባለቤቱን እወቁ፤ ደግሞም ጽሁፉ ሥር ያለውን "በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ኮሚሽን እናገኛለን" የሚል ደቃቅ ጽሁፍ አንብቡ።

ደፍሮ ሐቁን የተናገረስ ምን ሆነ? በ2007 ጌምስፖት የተባለው የጌም ግምገማ ድረ ገጽ አርታኢ የነበረው ጄፍ ገርስትማን ኬን ኤንድ ሊንች የተባለውን ጌም ከ10 ስድስት ሰጠው። ድረ ገጹ በዚያው ጌም ማስታወቂያ ተሸፍኖ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተባረረ። በ2012 ስለ ጉዳዩ መናገር ሲፈቀድለት፣ ዝቅተኛ ውጤቶቹ ማስታወቂያ ከሚያስነግሩ አሳታሚዎች ግፊት እንዳመጡበት አስረዳ። ልብ በሉ፣ ስድስት እኮ ነው የሰጠው። ዜሮ አይደለም።

ውጤቱ ለምን ይህን ያህል ያንገበግባቸዋል ካላችሁ፣ ፎልአውት ኒው ቬጋስ የተባለውን ጌም የሠራው ኦብሲዲያን፣ የገምጋሚዎችን ውጤት ሰብስቦ አማካዩን በሚያወጣው ድረ ገጽ በሜታክሪቲክ ላይ 85 ካገኘ ጉርሻ ሊከፈለው ነበር። ያገኘው 84 ነው። ጉርሻው ቀረ። ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈውን "የዓመቱ ምርጥ ጌም" የሚል ጽሁፍ ደግሞ ከቁም ነገር አትቁጠሩት፤ ይህን ማዕረግ የሚሰጥ አንድ አካል የለም። አንድ የሆነ ድረ ገጽ ካለ ይበቃል።

ታዲያ የትኛውን ገምጋሚ እንሽሽ? እኔ የምለየው ስለ ራሱ በሚያወራው መጠን ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ተመልከቱ። ማን እንደጋበዘው፣ ሆቴሉ፣ ከዳይሬክተሩ ጋር የተነሳው ፎቶ፣ ሌላው ያላገኘውን ማግኘቱ፣ "ሰብስክራይብ ያደረጋችሁ ብቻ ቀድማችሁ ታያላችሁ" ማለቱ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ስለ ጌሙ የተነገረውን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ በትሬለሩ ውስጥ ያለው ነው፤ ዓለሙ ሰፊ ነው፣ ግራፊክሱ ያምራል፣ "እስክትጫወቱት መጠበቅ አቃተኝ"። የሚረባ ገምጋሚ በየትኛው ማሽን፣ ስንት ሰዓት፣ እስከየት እንደተጫወተ ይነግራችኋል። የሰለቸውን ቦታ ይነግራችኋል። ቅጂውን ማን እንደሰጠው በአንድ አጭር አረፍተ ነገር ይናገርና ያልፋል። እንደ ሽልማት አያወዛውዘውም።

የሚታየው ምስል የማን እንደሆነም ጠይቁ። በስድስት ቻናል ላይ አንድ ዓይነት ውጊያ፣ በአንድ ዓይነት አቅጣጫ ካያችሁ ስድስቱም የተላከላቸውን ነው የለጠፉት። ግምገማ የሚፈቀደው ጌሙ ከወጣ በኋላ ከሆነም ጥርጣሬያችሁ ይጨምር። ኤሊየንስ ኮሎኒያል ማሪንስ የተባለው ጌም ሲወጣ፣ በ2013፣ በማሳያ ዝግጅቶች የታየውና ሰው የገዛው ጌም በጣም የተለያዩ ነበሩ፤ አሳታሚው ሴጋም ትሬለሮቹ ላይ ይህን የሚገልጽ ማሳሰቢያ መኖር እንደነበረበት ለእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አምኗል። ያንን ማሳያ አይተው ያደነቁ ጽሁፎች ግን እንዳሉ ቀሩ። ዘ ዴይ ቢፎር የተባለው ጌም የባሰ ነው። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ስቶር ላይ በጣም ከሚጠበቁት ጌሞች ግንባር ቀደም ሆኖ ከርሞ በዲሴምበር 7 ቀን 2023 ወጣ። በአራተኛው ቀን ስቱዲዮው መዘጋቱን አስታወቀ።

"የተጫዋቾችን አስተያየት አያለሁ" የምትሉም አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ቀን ግማሹ ተናዶ፣ ግማሹ አፍቅሮ ነው የሚጽፈው። ሳይጫወት የሚጽፍም አለ። ሜታክሪቲክ በ2020 የተጠቃሚዎች አስተያየት ጌሙ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ለ36 ሰዓት እንዲዘገይ ያደረገው ለዚህ ነው። ስቲም ላይ ግን ጸሐፊው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ አብሮ ይታያል። ሃያና ሠላሳ ሰዓት ተጫውቶ የሚያማርረውን አንብቡ። የሚያማርርበት ነገር እናንተን የማይረብሽ ከሆነ እንዲያውም ጌሙ ለእናንተ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምታነቡት ከከፈላችሁ በኋላ ከሆነ፣ በስቲም ላይ ቀድሞ የተገዛ ጌም ከመውጣቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ ገንዘቡ ይመለሳል። ከወጣ በኋላ ደግሞ 14 ቀን አላችሁ፤ ግን የተጫወታችሁት ከ2 ሰዓት ማነስ አለበት። አንድ ወጥመድ አለ። በውድ ዋጋ ገዝታችሁ ከሌላው ጥቂት ቀን ቀድማችሁ የምትገቡበት ቅጂ ከሆነ፣ ከ2024 ጀምሮ በእነዚያ ቀኖች የተጫወታችሁት ሰዓትም ከሁለቱ ሰዓት ላይ ይቀነሳል። ጌሙ ለሁሉም እስኪወጣ ልየው ብላችሁ ስትጫወቱ መብታችሁ ያልቃል። የሌሎቹ ስቶሮች ደንብ ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ማውረድ ወይም መጫወት ከጀመራችሁ አይመልሱም። ስለዚህ ዛሬውኑ የገዛችሁበት ስቶር ገብታችሁ ደንቡን አንብቡ፣ ጌሙ ራሱ እንዳይወርድ አውቶማቲክ ማውረጃውን አጥፉ፣ ከዚያ የመመለሻ ጥያቄውን አስገቡ።