ኮቶር ይሻላል ወይስ ፔራስት?

ሞንቴኔግሮ ሄዳችሁ የኮቶርን ባሕረ ሰላጤ ልታዩ ከሆነ፣ የት እንደምታድሩ ቀድማችሁ ወስኑ። ሁለቱ ከተሞች በመኪና ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚራራቁት። ሁለቱም እስከ 1797 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ሥር ነበሩ፤ ጠባያቸው ግን ጭራሽ አይገናኝም።

ኮቶር ደመቅ ያለ ነው። ግንቡ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ተራራውን ሽቅብ ይወጣል፣ እናንተም ከ1,300 በላይ ደረጃ ወጥታችሁ ምሽጉ ጋ ስትደርሱ ውሃው፣ ጣሪያውና ዙሪያውን የከበበው ተራራ አንድ ላይ ይታያችኋል። በሐምሌና በነሐሴ በማለዳ ውጡ፣ ፀሐዩ አይቻልም። በ1166 የተባረከው የቅዱስ ትሪፎን ካቴድራል ያምራል፤ እኔን ግን ይበልጥ የምትነካኝ ትንሿ የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1195 የተሠራች ናት፣ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ለረጅም ዘመን በየራሱ መንበር ቀድሶባታል። የሚያስመርረው ትልልቆቹ የቱሪስት መርከቦች ሲመጡ ነው፤ ያን ጊዜ በጠባቡ መንገድ ማለፊያ የለም።

ፔራስት ከውሃው ዳር የተዘረጋ አንድ መንገድ፣ ያረጁ የድንጋይ ቤተ መንግሥቶች፣ በቃ። ፊት ለፊቱ ያለችውን የእመቤታችን ደሴት ሰዎች ናቸው ድንጋይ እየጣሉ፣ አሮጌ መርከብ እያሰመጡ የሠሯት። ዛሬም በየዓመቱ ጁላይ 22 ጀልባዎች ተያይዘው ሄደው ድንጋይ ይጨምሩባታል። ይህን ሳታዩ እንዳትመለሱ!

መኪና ከሌላችሁ ኮቶር እደሩ፣ አውቶቡስ እንደልብ ነው። ካላችሁ ግን ያለ ጥርጥር ፔራስት።