የእናቴን ምላስ ላየችው ሐኪም

እናቴ ብሽሽቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ከወጣባት ዓመት ተኩል አልፎ ነበር። መጀመሪያ ፈንገስ ነው ተባልን፣ ቅባት ተሰጠን። ከዚያ ችፌ ነው ተባለ፣ ሌላ ቅባት። ሽፍታው ግን አንዱ ጋ ሲደርቅ ሌላው ጋ ይነሳል፤ ጠርዙ እየሰፋ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ መሃሉ ሲድን ጠቆር ያለ ምልክት ትቶ ወደ ጭኗና ወደ እግሯ ይወርዳል። አንሶላው ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ጠዋት በለብ ያለ ውሃ እያራስን የምናላቅቅበት ጊዜ ነበር።

በመጨረሻ ሰው ጠቁሞን አንዲት የቆዳ ስፔሻሊስት ጋ ሄድን። ሽፍታውን አይታ ወዲያው መድኃኒት አልጻፈችም። «እማማ፣ እስኪ ምላስዎን ያሳዩኝ» አለቻት። ምላሷ ደም መስሎ ቀልቷል፣ የከንፈሯ ጥግና ጥግ ተሰነጣጥቋል። ቀጥላ «ክብደት ቀንሰዋል? ስኳርስ አለብዎት?» አለች። ስኳሩ የተገኘባት በዚያው ዓመት ነው፣ ቀሚሶቿም ሁሉ ሰፍተውባታል። እኛ እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር፣ ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከአዲሱ ሽፍታ ጠርዝ ናሙና ወሰደች፣ የደም ምርመራ አዘዘች። ሳትቸኩልም አስረዳችን። እንዲህ ያለ ሽፍታ ዚንክ የሚባለው ማዕድን ሰውነት ውስጥ ሲያንስም ይመጣል፣ ስለዚህ ዚንኩም ይለካ አለች። ነገር ግን ቆሽት ላይ በቅሎ ግሉካጎን የሚባለውን ሆርሞን ያለልክ የሚያመነጭ ዕጢም አለ። ሆርሞኑ ሲበዛ ስኳር ይጨምራል፣ ደም ውስጥ ያለውን አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበትን ንጥረ ነገርም ያሟጥጣል፣ ቆዳ ደግሞ ያለ እሱ ራሱን መጠገን ይቸግረዋል። በሽታው እጅግ ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሰው ለዓመታት በችፌ ስም ይታከማል።

ግሉካጎኗ በጣም ከፍ ብሎ መጣ። ሲቲ ስካኑ ላይም ቆሽቷ ጫፍ ላይ ዕጢ ታየ፣ ደግነቱ ጉበቷ ጋ አልደረሰም። ዶክተሯ ቀዶ ሐኪም ጋ ራሷ ደውላ አገናኘችን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽትም «እማማ እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያ ሁሉ ቅባት ያልነካው ሽፍታ ዕጢው ከወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረቀ። እናቴ አሁን እንቅልፍ ትተኛለች። እጇ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥልን!

ቅባት የማይመልሰው፣ ቦታ የሚቀያይር ሽፍታ ያለበት ሰው ካላችሁ፣ በተለይ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስሟንና የምትሠራበትን እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ እስካሁን የተጠቀማችሁትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ በአንድ ነው የምታየው።